ነርስ ሲጠፋ ታማሚን እቤት ማስታመም

እማዬን ከሆስፒታል ይዘናት የወጣነው ዓርብ ከሰዓት ነው። ስትሮክ መቷት 19 ቀን ተኝታለች። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም፣ ንግግሯም ተይዟል። ሐኪሙ የመውጫ ወረቀቱን ፈርሞ «ከዚህ በኋላ የሚያስፈልጋት የቤት እንክብካቤ ነው» አለን። አመስግነን ወጣን። ነገሩ የገባን እቤት ደርሰን አልጋዋ ላይ ካስተኛናት በኋላ ነው። ማን ነው የሚንከባከባት? እንዴት አድርጎ?

ሦስት ቀን ሙሉ ነርስ ስንፈልግ ዋልን። ደላላ ጋ ደወልን፣ ጎረቤት ጠየቅን፣ የምናውቀው ሰው የሚያውቀውን ሰው ሁሉ አስቸገርን። አንዷ ነርስ ሁለት ቦታ ስለምትሠራ ጊዜ የላትም። ሌላው በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው የምችለው አለ። አንዷ መጥታ አይታ የጠየቀችው ክፍያ ከወንድሜ የወር ደመወዝ በለጠ። አልፈረድኩባትም፤ ሥራው ያስከፍላል።

በአራተኛው ቀን ነው ስህተታችን የታየኝ። ነርስ፣ ነርስ እያልን የምንፈልገው ሰው ነርስ አልነበረም። አብዛኛው ቀን የሚያስፈልገን የሚያገላብጥ፣ የሚያጥብ፣ የሚያጎርስ፣ ኪኒን በሰዓቱ የሚሰጥ ሰው ነበር። አስታማሚ ማለት ነው። ነርስ የሚያስፈልገን በሳምንት አንድ ሁለት ሰዓት ነው። ይህን ከለየን በኋላ ቤታችን ተረጋጋ፣ እማዬም ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አብራን ኖረች። ዛሬ እናት ወይም አባቱን ይዞ ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው እኛ የደረስንበትን ቢያውቅ ሦስቱን ቀን ያተርፋል ብዬ ነው የምጽፈው።

እጥረቱ የእናንተ ዕድል ብቻ አይደለም

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2030 በዓለም ላይ 11 ሚሊዮን የጤና ባለሙያ ይጎድላል ብሎ ይገምታል። ጉድለቱ የሚበረታው የኛን በመሰሉ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ነው። ለ1,000 ሰው ቢያንስ 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልጋል የሚለውም ይኸው ድርጅት ነው፤ እኛ ከዚህ ቁጥር በጣም ታች ነን። ያሉት ነርሶች ዎርድ ሞልቶባቸዋል። የቻለ ደግሞ ወደ ውጭ ይሄዳል። ስለዚህ ሙሉ ቀን እናንተ ቤት የምትቀመጥ ነርስ ማግኘት ለብዙ ሰው የማይሆን ነገር ነው።

ግን አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ በነርስ ረዳትነት ለመሥራት የፌዴራል ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው። አንዳንድ ግዛቶች ይጨምሩበታል፤ መነሻው ግን ይህ ነው። በቀን 8 ሰዓት ብትማሩት አሥር ቀን አይሞላም። ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ስንት ወገኖቻችን በዚህ ሥራ ነው ልጅ የሚያሳድጉት፣ እዚህም ቤተሰብ የሚረዱት። እነሱ ሲሄዱ ነርስ አልነበሩም። ተማሩት። እናንተም፣ የምትቀጥሯት ልጅም ትማሩታላችሁ።

ትምህርቱ የሚጀመረው ዎርድ ውስጥ ነው

ታማሚው ገና ሆስፒታል እያለ ጀምሩ። እኛ አገር አስታማሚ አልጋው ሥር አንሶላ አንጥፎ የሚያድር ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚላከው መድኃኒት ለመግዛትና ላቦራቶሪ ለመሮጥ ነው። ያንን ጊዜ ተጠቀሙበት። ነርሷ ስታገላብጥ አጠገቧ ቁሙ። «ሲስተር፣ አንዴ እኔ ልሞክር፣ እርስዎ ይዩኝ» በሏት። አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል፣ ሥራም ይቀልላቸዋል። ማየት ብቻውን አይበቃም፤ እጃችሁ መሥራት አለበት። ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልክ ብትቀርጹት ደግሞ እቤት ስትደናገጡ ታዩታላችሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ሳትጠይቁ አትውጡ። መድኃኒቱ ለምን እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ በአማርኛ ተጽፎ። የትኛው ኪኒን ተደቁሶ ሊሰጥ እንደሚችል፣ የትኛው እንደማይደቆስ፤ ቀስ እያሉ እንዲሟሙ የተሠሩ ኪኒኖች አሉ፣ እነሱ ሲደቆሱ መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ውሃና ምግብ በደህና መዋጥ መቻሉ ተፈትሾ እንደሆነ። ቱቦ ካለው መቼና የት እንደሚቀየር። ፊዚዮቴራፒስት ካለ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አይቶት የእጅና የእግር እንቅስቃሴውን እንዲያሳያችሁ። እኛ የመዋጡን ነገር ሳንጠይቅ ነው የወጣነው፤ ለዚህ የከፈልነውን ወደታች እነግራችኋለሁ።

ሥራውን ለሁለት ክፈሉት

እቤት ስትገቡ አንድ ወረቀት ውሰዱና መሀሉን አስምሩ። በአንድ በኩል የነርስ ሥራ ጻፉ፦ የሽንት ቱቦና የአፍንጫ ቱቦ መቀየር፣ የከፋ ቁስል ማጠብና ማሸግ፣ ግሉኮስና በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት። እነዚህን አትሞክሩ። በሌላው በኩል ቀሪው ሁሉ ይገባል። ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ ማልበስ፣ ኪኒን መስጠት፣ ግፊት መለካት፣ ስኳር መለካት። ኢንሱሊን መውጋት እንኳ ነርስ በደንብ ካሳየቻችሁ የቤተሰብ ሥራ ነው፤ በአገሪቱ ስንት የስኳር ታማሚ ራሱን ይወጋ የለ።

ወረቀቱን ስታዩ የነርስ ሥራው ወገን አጭር ነው። ለእሱ ብላችሁ ሙሉ ቀን ነርስ አትፈልጉ። አካባቢያችሁ የምትኖር፣ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ፈልጉና በሳምንት አንዴ፣ ከሥራ ስትወጣ፣ አንድ ሰዓት እንድትመጣ ተስማሙ። ሂሳቡን በየጉብኝቱ ክፈሉ። እኛ ያገኘናት ሲስተር ሐሙስ ሐሙስ ነበር የምትመጣው፤ ግፊቷን ለክታ፣ ጀርባዋንና ተረከዟን አይታ፣ ደብተራችንን አንብባ ትሄዳለች። ለሁለት ዓመት ተኩል አልተለየችንም። ሙሉ ቀን ብንጠይቃት አንድ ወርም አትቆይም ነበር።

ጤና ጣቢያችሁንም አትርሱ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለገጠሩ ነበር፣ በኋላ ከተማም ገብቷል፤ በከተማ የሚሠሩት ባለሙያዎች ደግሞ በነርስነት የሠለጠኑ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ጤና ጣቢያዎች የቤተሰብ ጤና ቡድን የሚሉት አላቸው፣ ቤት ለቤት ይወጣሉ። ግን እናንተ ቤት የአልጋ ቁራኛ እንዳለ ካልተነገራቸው ከየት ያውቃሉ? ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ሕመሙ ካንሰር ከሆነ ወይም ፈውሱ የራቀ ሕመም ከሆነ ሆስፒስ ኢትዮጵያን ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ነርሶቻቸው ቤት ድረስ ሄደው ስቃይ የሚያስታግሥ እንክብካቤ ይሰጣሉ።

ጀርባን ማዳን

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ተኝቶ የሚውል ሰው ላይ የአልጋ ቁስል በጥቂት ሰዓት ይጀምራል፣ ለመዳን ግን ወራት ይፈጃል። ነርስም፣ ብርም፣ እንቅልፍም የሚጨርሰው እሱ ነው። ቁስሉን ከከለከላችሁ የነርስ ፍላጎታችሁ በግማሽ ይቀንሳል ብል አላጋነንኩም።

በየ2 ሰዓቱ አገላብጡ። በቀኝ፣ በጀርባ፣ በግራ፣ እንደገና። ሌሊትም። ሙሉ በሙሉ በጎን አታስተኙት፤ ከጀርባው ትራስ አስገብታችሁ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ ክብደቱ ዳሌ አጥንቱ ላይ እንዳያርፍ። በጉልበቶቹ መሀል ቀጭን ትራስ። በጀርባ ሲተኛ ከባቱ ሥር ትራስ አድርጉና ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፍ። የሚነፋ ቀለበት የመሰለ መቀመጫ የሚሸጥላችሁ ይኖራል፤ አትግዙ፣ ዙሪያውን ደም ያግዳል። ገንዘብ ካላችሁ የአየር ፍራሽ ግዙ፣ ግን ፍራሹ ማገላበጡን አይተካም።

ስታንቀሳቅሱት አትጎትቱት። ወፍራም አንሶላ ለሁለት አጥፋችሁ ከትከሻው እስከ ጭኑ ድረስ ከሥሩ አንጥፉ። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ አንሶላውን ጠቅልሎ ይዞ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ አንሥቶ ያዛውራል። ቆዳው ከፍራሽ ጋር አይፋተግም፣ የእናንተም ወገብ ይተርፋል። ስትሮክ ያደከመውን እጅ ይዛችሁ በፍጹም አትሳቡ፤ ትከሻው በቀላሉ ይወልቃል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት እማዬን በብብቷ ይዤ ነበር የማነሣት፣ እያመማት መናገር አልቻለችም። እንባዋን አይቼ ነው ያቆምኩት።

ቆዳውን በየቀኑ እዩ፦ መቀመጫ፣ የጅራት አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ክርን፣ ከጆሮ ጀርባ። የሚታተሙት መመሪያዎች «መቅላት» ፈልጉ ይላሉ። በኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጃችሁ ዳስሱ። ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የረጠበ እንደሆነ፣ ከቀድሞው የጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ቦታ ካለ፣ ሲነካ የሚያመው ከሆነ ጀምሯል ማለት ነው። በዚያ ጎን አታስተኙት፣ ለነርሷም ደውሉ። አትሹት። ማሸት ደም የሚያንቀሳቅስ ይመስለናል፤ የተጎዳውን ሥጋ ግን ይብስ ይጎዳዋል።

ዳይፐር እንደረጠበ ቶሎ ቀይሩ፣ በለብታ ውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁና ስስ ቫዝሊን ቀቡ። ሴት ስታጥቡ ከፊት ወደ ኋላ። የሽንት ቱቦ ካለ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው በታች ይንጠልጠል፣ መሬት ግን አይንካ፤ እስኪሞላ ሳትጠብቁ ድፉት። ከዚህ ሁሉ በፊትና በኋላ እጅ በሳሙና።

ማጉረስ

ጉርሻ ፍቅር ነው፣ እናውቃለን። ስትሮክ ለመታው ሰው ግን ትልቅ ጉርሻ አደጋ ነው። እማዬ እቤት በገባች በሳምንቱ፣ እንደተኛች አክስታችን ሾርባ በጥብጣ አጠጣቻት፣ ትን አላት። በሁለተኛው ቀን ትኩሳት፣ ከዚያ የሳንባ ምች፣ ተመልሰን ሆስፒታል ገባን። አክስቴ አላጠፋችም፤ ማንም አልነገራትም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከመብላቱ በፊት በደንብ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። አገጩን ትንሽ ወደ ደረቱ ያድርግ፣ ወደ ላይ አንጋጦ አይዋጥ። በሻይ ማንኪያ፣ ግማሽ ግማሽ፣ ጠንካራ በሆነው የአፍ ጎን። አንዱን ሳይውጥ ሌላውን አትጨምሩ። እየበላ አታናግሩት፣ ቴሌቪዥኑንም ዝጉት። ሲጨርስ ጉንጩን በጣት ዳብሱ፤ በደከመው ጎን ምግብ ተወሽቆ ይቀራል። ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ተቀምጦ ይቆይ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃ ቀላል ነው ብሎ ነው። ለደከመ ጉሮሮ ቀጭን ነገር ብዙ ጊዜ ከወፍራም ይከብዳል፣ በፍጥነት ይወርዳልና። ወፈር ያለ አጥሚት፣ የተፈጨ ምስር፣ የላመ ገንፎ፣ የተፈጨ ሙዝ ወይም አቮካዶ ይሻላል። ስንት ውፍረት ለእሱ እንደሚበጅ ግን ባለሙያ አይቶት ይንገራችሁ። እማዬ ጠዋት ጠዋት ፀበል ካልቀመሰች ቀኑ አይነጋላትም ነበር። አልከለከልናትም። ቀና አድርገን፣ በማንኪያ፣ ጠብታ በጠብታ። መድኃኒቷን ግን አንድም ቀን አላቋረጥንም፤ ይህን ነገር የንስሐ አባቷ ራሳቸው አጥብቀው ነግረዋታል።

ሲበላ የሚያስል፣ ከበላ በኋላ ድምፁ ውሃ ውሃ የሚል፣ ትኩሳት የሚመላለስበት ከሆነ በአፍ መመገቡን አቁሙና ሐኪም ጠይቁ።

አስታማሚ መቅጠርና ማቆየት

ቤተሰቡ ብቻውን አይችለውም። እንችላለን ያልነው እኛ በሁለተኛው ወር እርስ በርስ መጣላት ጀመርን። ሰው ያስፈልጋል።

ደላላ ጋ ስትሄዱ «የቤት ሠራተኛ» አትበሉ። «አስታማሚ» በሉ፣ ሥራውንም ሳትደብቁ ተናገሩ፦ ዳይፐር አለ፣ ሌሊት መነሣት አለ። ተደብቆባት የመጣች ልጅ በሦስተኛው ቀን ሻንጣዋን ታነሣለች፤ መብቷም ነው። ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ፦ አረብ አገር ደርሳ የመጣች አለች ወይ? ቤሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ዓመታት ሽማግሌና አሮጊት ሲያስታምሙ ኖረው የተመለሱ ብዙ ሴቶች አሉ። ማገላበጥ ያውቃሉ፣ ስኳር መለካት ያውቃሉ፣ ጭንቀት አያስበረግጋቸውም። እዚህ ሲመጡ ግን እውቀታቸውን የሚጠይቃቸው የለም፤ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ምጣድ ፊት ነው የሚቀመጡት። እኛ ቤት ሁለት ዓመት የቆየችው ልጅ ከቤሩት የተመለሰች ናት። ከኔ የተሻለች አስታማሚ እንደሆነች ለማየት ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም።

ተያዥ ያዙ፣ መታወቂያ እዩ፣ የሠራችበት ቤት ካለ ደውሉ። ሦስት ቀን ከፍላችሁ የሙከራ ጊዜ ስጧት። የምታዩት ፍጥነቷን ሳይሆን ታማሚውን የምታናግርበትን መንገድ ነው። ልብስ ከማውለቋ በፊት «እማማ፣ አሁን ላጥብዎት ነው» ትላለች ወይስ ዝም ብላ ትገልጣለች?

ከዚያ ዋናው ነገር። ያገኛችኋትን አታጥፉ። እጥረቱን የምናባብሰው እኛው ራሳችን ነን ብዬ የማምነው እዚህ ጋ ነው። አስታማሚ ብለን ቀጥረን የቤተሰቡን ልብስ እናሳጥባታለን፣ እንጀራ እናስጋግራታለን፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና አፍልታ ሌሊት ደግሞ አራት ጊዜ ትነሣለች። በሦስት ወሯ ትሄዳለች። ከዚያ «ሰው ጠፋ» እንላለን።

ውሉን በወረቀት ጻፉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ያለውን የግል አገልግሎት ቅጥር ከሽፋኑ ውጭ ስላደረገው ማንም አይጽፍላችሁም። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ደመወዙ ስንት እንደሆነና በምን ቀን እንደሚከፈል፣ ሥራዋ ታማሚውን ማስታመም ብቻ መሆኑ፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እረፍቷ፣ ሌሊት የምትነሣ ከሆነ ቀን የምትተኛበት ሰዓት፣ ስትታመም ማን እንደሚያሳክማት፣ መልቀቅ ስትፈልግ ከስንት ቀን በፊት እንደምትናገር። ሁለታችሁም ፈርሙ። ደመወዟን ከተራ የቤት ሥራ በላይ አድርጉት። ጓንት ግዙላት። የምትተኛበት ቦታ በር ያለው ይሁን። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ «ሠራተኛችን» አትበሏት፣ «አስታማሚያችን» በሏት። ይህች ቃል ስንት እንደምታቆይ አይቻለሁ።

ተራ ማውጣት

የእረፍት ቀኗን ማን ይሸፍናል? ቤተሰብ። በቃል አትተማመኑ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። ሰኞ ሌሊት ታናሽ ወንድም፣ እሑድ ሙሉ ቀን ታላቅ እህት። ወንዶቹም ይግቡበት። ወንድሜ እናቱን ማጠብ አልችልም፣ ነውር ነው ብሎ ነበር። እሺ፣ ምሳ ማጉረስና ሌሊት ማገላበጥ ይችላል አልነው። ተማረው። በኋላ ከሁላችንም በላይ ስታየው የምትስቀው እሱን ነበር።

ጠያቂ አለ ደግሞ። እኛ አገር ታማሚ ሊጠይቅ የማይመጣ ሰው የለም፣ እግዜር ይስጣቸው። ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፣ አንድ ሰዓት ተቀምጠው «አይዞሽ» ብለው ይሄዳሉ። «ምን እንርዳ?» ላለ ሰው «ምንም፣ መምጣታችሁ ይበቃል» አትበሉ። እኛ ሁለት ጎረቤቶቻችንን «ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት አጠገቧ ብትቀመጡልን አስታማሚዋ ትተኛለች» አልናቸው። ደስ እያላቸው መጡ። ማገላበጡን አሳየናቸው፣ ሁለቱም ቻሉት።

እድርም አለ። እድር ለቀብር ብቻ ነው ያለ የለም። በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን ብዙ እድሮች ከእርዳታ ድርጅቶች ጋር ሆነው እቤት የተኛ ሰው የሚያስታምሙ በጎ ፈቃደኞች አሠልጥነው ነበር። ድንኳንና ወንበር የሚያከራይ እድር አንድ ዊልቸርና አንድ ኮሞድ ወንበር (መጸዳጃ ያለው ወንበር) ገዝቶ ለአባል ቢያውስ ምን ይከብደዋል? በስብሰባ ላይ አንሡት። የኛ እድር ዳኛ ሐሳቡን ሲሰሙ ለምን እስካሁን አላሰብነውም ነው ያሉት።

ውጭ ያለው ዘመድ

ሜሪላንድ ያለች እህት «ብር ልላክ፣ ነርስ ቅጠሩ» ትላለች። ብሩን ተቀበሉ፣ አመስግኑ። ግን ሌላም ነገር ጠይቋት። ብዙ ጊዜ እሷ ራሷ ቀኑን ሙሉ የሰው እናት የምታገላብጥ ናት። የ75 ሰዓቱን ትምህርት ተምራለች፣ ከዚያም ዓመታት ሠርታበታለች። በቴሌግራም ቪዲዮ ደውሉላት፣ ስልኩን ትራስ ላይ አቁሙና «እዪን፣ የት ነው የምንሳሳተው?» በሉ። የኛዋ የመጀመሪያ ቀን ስታየን «ትራሱን ከጉልበት ሥር አውጡት፣ ከባቷ ሥር አድርጉት» አለች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስድስት ነገር አስተካከለችልን። ራቅ ብላ እናቷን ማስታመም ያልቻለች ልጅ ጸጸቷ ብዙ ነው፤ ያን ቀን ካለቀሰች በኋላ እፎይ ስትል ሰምቻታለሁ።

ደብተሩና ስልኩ

አንድ የተማሪ ደብተር አልጋው አጠገብ ይቀመጥ፣ እስክሪብቶ ታስሮበት። ያገላበጠ ሰው ሰዓቱንና ጎኑን ይጻፍ። ግፊት፣ ስኳር፣ የበላው፣ ሽንቱ፣ ሰገራው። ሦስት ቀን ሰገራ ካልወጣ ለነርሷ ንገሩ። ተረኛ ሲቀያየር ደብተሩን ሳያነብ ማንም ሥራ አይጀምር። ኪኒን ሁለቴ መስጠትም፣ መዝለልም የሚመጣው «አንተ የሰጠኸው መስሎኝ» ከማለት ነው።

የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ እነዚህን በትልቁ ጻፉ። ፊቱ በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከወደቀ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ አዲስ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ የጀመረበትን ሰዓት መዝግቡ፣ በአፉ ምንም አትስጡ፣ ወዲያው ሆስፒታል። የስኳር ታማሚ ላብ ካሰመጠው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከቀባዠረ ስኳሩ ወርዶ ይሆናል፤ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ ስጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ፣ ይዛችሁ ሩጡ። የትንፋሽ መቸገርና የማይወርድ ትኩሳትም እቤት የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ስልኩ፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ውስጥ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። ከሥራቸው ደግሞ መኪና ያለው ጎረቤት ስልክ ይጻፍ፤ አንዳንዴ ከሁሉም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው።

አስታማሚዋ የምትለቅበት ቀን ይመጣል፣ ታገባለች ወይም ሌላ ሥራ ታገኛለች። በመልካም ሸኟት፣ ግን ከመሄዷ በፊት አዲሷን አንድ ሳምንት አብራት ሠርታ እንድታሠለጥናት ለምኗት፣ ለሳምንቱም ክፈሏት። የኛዋ ስታገባ እንደዚያ አደረገች። ተተኪዋ ከገጠር የመጣች፣ ዳይፐር በዓይኗ አይታ የማታውቅ ልጅ ነበረች። እማዬ እስክታርፍ ድረስ ዘጠኝ ወር አስታመመቻት፣ ጀርባዋ ላይ አንድ ቁስል አልነበረም። አርባዋ ባለፈ በሳምንቱ ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ያሉ አባት ወደቁና ልጆቻቸው ሰው እየፈለጉ መጡ። ልጅቷ አሁን እዚያ ናት፣ በተሻለ ደመወዝ። ዊልቸሩንና ደብተሩን ይዛ ነው የሄደችው።